መቶ ሰማንያ ሰው ብቻ፦ የስኬሊግ ማይክል ደሴት ታሪክና የፊልም ተጓዦች

የዘንድሮው የመሰባሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች «ታሪክ ነክ የሆነ፣ ግን እንደ ፈተና የማያስጨንቅ ጽሑፍ ላኪልን» ሲሉኝ፣ ስለ አክሱም ወይም ስለ ጎንደር እንድጽፍ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ስለ አንድ የአይርላንድ ደሴት ልጽፍ ነው። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ብዙዎቻችን አሁን ለጉዞ ቦታ የምንመርጠው እኛ ሳንሆን ልጆቻችን ናቸው። ልጆቹ ደግሞ ቦታ የሚመርጡት ከፊልም ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ደሴት ከእኛ ታሪክ ጋር ሩቅ ቢሆንም እውነተኛ ዝምድና አለው። ወደ ጨዋታው ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ የውጩ ታሪክ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።

ስኬሊግ ማይክል ከአይርላንድ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ከኬሪ አውራጃ ጠረፍ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ አትላንቲክ ውስጥ የቆመ አለት ነው። ስፋቱ 22 ሄክታር አይሞላም፤ ቁመቱ ግን 218 ሜትር ነው። ሁለት ሹል ጫፎች አሉት፤ በመካከላቸው ያለውን ዝቅ ያለ ቦታ «የክርስቶስ ኮርቻ» ይሉታል። ሜዳ የሚባል ነገር የለውም። «ማይክል» የእኛው ቅዱስ ሚካኤል ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከፍ ያለና አስፈሪ ቦታን በእሱ ስም መሰየም የቆየ ልማድ ነው።

በዲሴምበር 2015 የወጣውን «ስታር ዋርስ፦ ዘ ፎርስ አዌከንስ» ያየ ሰው ይህን ደሴት ያውቀዋል። በፊልሙ መጨረሻ ላይ አንዲት ወጣት ረጅም የድንጋይ ደረጃ ወጥታ፣ ከሰው ተለይቶ ለሚኖር አንድ ሽማግሌ ጎራዴውን የምትዘረጋለት ቦታ ነው። ይህ ፊልም የሳይንስ ልብወለድ ነው የሚል ይኖራል። ለእኔ ግን ጠፈር ላይ የተነገረ ተረት ነው፤ ጎራዴ አለ፣ አስማት አለ፣ ተማሪና መምህር አለ። የሚገርመው ተረቱ እዚህ ደሴት ላይ ሲደርስ ለእውነት መቅረቡ ነው። በዚህ አለት ላይ በእርግጥም ከሰው የተለዩ ሰዎች ይኖሩ ነበር።

ካብ ብቻ

ገዳሙ የተመሠረተው በስድስተኛውና በስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መካከል ነው። በአፈ ታሪክ መሥራቹ ቅዱስ ፊናን ይባላል። መነኮሳቱ በጀልባ መጥተው፣ ከአለቱ ጎን ደረጃ ጠርበውና ደርድረው፣ ከባሕሩ 180 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እርከን ሠሩ። እርከኑ ላይ መኖሪያ በዓቶቻቸውን ገነቡ። ስድስቱ ዛሬም ቆመዋል። አሠራራቸው የንብ ቀፎ ይመስላል፤ ድንጋዩ ያለ ኖራና ያለ ጭቃ እየተካበ፣ እያንዳንዱ ዙር ከበታቹ ካለው ትንሽ ወደ ውስጥ እየገባ፣ አናቱ ላይ ይገጥማል። ከሺህ ዓመት በላይ የአትላንቲክ ዝናብና ነፋስ መትቷቸው አልወደቁም። ካብ የሚያውቅ የአገሬ ገበሬ ቢያያቸው የሚያደንቅበት ምክንያት አያጣም።

በአንድ ጊዜ እዚያ የሚኖሩት አንድ አበምኔትና አሥራ ሁለት መነኮሳት ያህል እንደነበሩ ይገመታል። የሚጠጡት የዝናብ ውኃ ነበር፤ በድንጋይ ጉድጓድ ያጠራቅሙታል። የሚበሉት ዓሣ፣ የባሕር ወፍና እንቁላል፣ በትንሽዋ ጓሮ የሚበቅል አትክልት ነበር። ይህም ያልበቃው ባሕታዊ በደቡቡ ጫፍ ላይ፣ ዛሬ ተራራ ወጪ እንኳ የሚፈራው ቦታ ላይ፣ ለብቻው በዓት ሠርቷል።

ጸጥታው ሁልጊዜ ጸጥታ አልነበረም። በ824 አካባቢ ቫይኪንጎች ደሴቱን እንደወረሩና ኤትጋል የተባለውን አበምኔት ይዘው እንደሄዱ፣ እሱም በረኃብ እንደሞተ የአይርላንድ ዜና መዋዕሎች መዝግበዋል። ገዳሙ ከዚያም በኋላ ቀጠለ። በ12ኛውና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን የአየሩ ጠባይ ከፋ፣ የአይርላንድ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደርም ተለወጠ፤ መነኮሳቱ በየብስ ወዳለው ወደ ባሊንስኬሊግስ ተሻገሩ። ደሴቱ የተሳላሚዎች ቦታ ሆኖ ቀረ። በ1820ዎቹ የመርከብ መብራት ማማዎች ተሠሩበት፤ የመብራት ጠባቂ ቤተሰቦችም ለብዙ ዓመት ኖሩበት። በ1860ዎቹ መጨረሻ የሞቱ የአንድ መብራት ጠባቂ ሁለት ልጆች እዚያው በጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀብረዋል። በ1987 መብራቱ ያለ ሰው በራሱ እንዲሠራ ሲደረግ የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎችም ወጡ። በ1996 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

የአንድ አያት ልጆች

«ታዲያ ይሄ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ካለ፣ መልሱ ግብፅ በረሃ ነው።

የአባ እንጦንስን ገድል የጻፈው የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ ነው። አትናቴዎስን ሁላችንም ከአንደኛ ዓመት ኮርስ እናስታውሰዋለን፤ ፍሬምናጦስን፣ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው እሱ ነው። የጻፈው ገድል ብዙም ሳይቆይ ወደ ላቲን ተተርጉሞ ምዕራቡን አዳረሰ። ዮሐንስ ካሲያን የተባለው መነኩሴ ደግሞ በግብፅ ገዳማት ኖሮ፣ ያየውንና የሰማውን በአምስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በደቡብ ፈረንሳይ ጻፈው። ይህ ትምህርት በዚያ በኩል አይርላንድ ደረሰ። በእኛም በኩል የእንጦንስ ገድልና የጳኩሚስ ሥርዓት በአክሱም ዘመን ወደ ግዕዝ ተተረጎሙ፤ ዘጠኙ ቅዱሳን መጡ፤ አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞን መሠረቱ።

አይርላንዶች የግብፅን በረሃ አልረሱትም። በረሃ ስለሌላቸው ባሕሩን በረሃ አደረጉት። ገለልተኛ የጸሎት ቦታቸውን «ዲሰርት» ብለው ይጠሩ ነበር፤ ቃሉ ከላቲኑ «በረሃ» የመጣ ነው፣ ዛሬም በብዙ መንደር ስም ላይ ይገኛል። በትልልቅ የድንጋይ መስቀሎቻቸው ላይ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ ቁራ ያመጣላቸውን እንጀራ ሲካፈሉ ተቀርጸዋል፤ ይህን ታሪክ ስንክሳር የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። በ2006 ደግሞ በቲፐራሪ አውራጃ ከአንድ ረግረግ ውስጥ በአጋጣሚ የወጣ ጥንታዊ መዝሙረ ዳዊት፣ የቆዳ ሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ፓፒረስ ሆኖ ተገኘ። ፓፒረስ አይርላንድ አይበቅልም!

ከዚህ ተነስተን የአክሱም መነኮሳትና የአይርላንድ መነኮሳት ይተዋወቁ ነበር አንልም፤ ለዚያ ማስረጃ የለም። የአንድ አያት ልጆች ሆነው ሳይተያዩ የኖሩ ዘመዳሞች ናቸው ብንል ግን አንሳሳትም። አንዱ አምባ ላይ ወጣ፣ ሌላው አለት ላይ ወጣ። ሁለቱም ሰው በቀላሉ የማይደርስበትን ቦታ የመረጡት ሆን ብለው ነው።

የእኛ ባች ልጆች በ1985 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ያደረግነውን የጥናት ጉዞ ታስታውሳላችሁ። ደብረ ዳሞ ስንደርስ ወንዶቹ አንድ በአንድ በጠፍር ገመድ ወገባቸውን ታስረው፣ እየተንጠለጠሉ፣ ከላይ ባሉት መነኮሳት እየተጎተቱ ወጡ። እኛ ሴቶቹ በገዳሙ ሥርዓት መሠረት ከታች ቀረን። አንድ መምህራችን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መውጣት ሲችሉ ከእኛ ጋር ቁጭ ብለው ስለ አባ እንጦንስ አጫወቱን። አንዷ ጓደኛችን «ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አይወጡም? ያምልጥዎት እንዴ?» ስትላቸው፣ «ላይ የወጡት እኮ አምባውን አያዩትም፤ አምባው የሚታየው ከዚህ ነው» አሉን። ያኔ ሊያጽናኑን መስሎኝ ነበር።

ፊልሙ ሲመጣ

በጁላይ 2014 የፊልሙ ሠራተኞች ለጥቂት ቀናት ስኬሊግ ላይ ቀረጻ አደረጉ። ወሩ የባሕር ወፎች ጫጩት የሚያሳድጉበት ስለነበር የወፍና የቅርስ ተቆርቋሪዎች ተቃወሙ። የመንግሥት ወገን ደግሞ ቀረጻው በባለሙያ ቁጥጥር እንደተካሄደና ለአካባቢው ኑሮ እንደሚበጅ ተከራከረ። ሠራተኞቹ በሴፕቴምበር 2015 ተመልሰው መጡ። ለቀጣዩ ፊልም፣ በ2017 ለወጣው «ዘ ላስት ጄዳይ»፣ የሚያስፈልገው ሥራ ግን ደሴቱ የሚችለው አልነበረም። ስለዚህ በ2016 በዲንግል ልሳነ ምድር ሲቢል ሄድ በሚባለው ገደል ላይ የመነኮሳቱን በዓቶች አስመስለው ሠሩ፤ ቀረጻው ሲያልቅ አፍርሰው ሄዱ። እውነተኛውን ለማዳን ሐሰተኛ መሥራት አንዳንዴ ትልቅ ጥበብ ነው።

ወፎቹም የራሳቸውን ድል አግኝተዋል። ፓፊን የሚባል፣ ምንቃሩ ባለቀለም፣ አረማመዱ የሚያስቅ ትንሽ የባሕር ወፍ በየበጋው ደሴቱን ይሞላዋል። ወፎቹን ማባረር አይፈቀድም፤ ከምስሉ ላይ አንድ በአንድ ማጥፋትም አድካሚ ነው። ስለዚህ ፊልም ሠሪዎቹ «ፖርግ» የሚባል ፍጡር ፈጥረው ወፎቹን የታሪኩ አካል አደረጓቸው። ልጆቻችን በአሻንጉሊት መልክ የገዙት ያ ዓይነ ትልቅ ፍጡር መነሻው ይኼ ነው።

ሰውስ? ፊልሙ ከወጣ በኋላ የዓለም ተመልካች ሁሉ «እዚያ ልሂድ» አለ። ደሴቱን ያተረፈው ከፊልሙ በፊት የነበረው ደንብ ነው። ሰው ማውረድ የሚፈቀድላቸው ጀልባዎች 15 ያህል ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዷ በቀን አንዴ፣ 12 ሰው ይዛ። በቀን 180 ሰው ማለት ነው። ወቅቱም ከሜይ አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ብቻ ነው፣ ያውም ባሕሩ ከፈቀደ። ደሴቱ ላይ መጸዳጃ የለም፣ መጠለያ የለም፣ የሚሸጥ ነገር የለም። ደረጃው 618 ነው፤ መደገፊያ የለውም። በ2009 ብቻ ሁለት ጎብኚዎች ወድቀው ሞተዋል። ስለዚህ ገደቡ ለድንጋዩና ለወፉ ብቻ ሳይሆን ለሰውም የቆመ ነው። መነኮሳቱ አሥራ ሦስት ሆነው የኖሩበት አለት ላይ በቀን ሺህ ሰው ቢራመድ ካቡ ስንት ክረምት ይቆማል?

ሌላ ቦታ ሌላ መፍትሔ ተገኝቷል። ኒውዚላንድ ውስጥ ማታማታ አጠገብ በአንድ የበግ እርሻ ላይ ለ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» የተሠራው የሆቢቶች መንደር መጀመሪያ ጊዜያዊ ነበር፤ ለ«ዘ ሆቢት» ሲባል እንዲቆይ ተደርጎ እንደገና ተሠራ። ቦታው ለጎብኚ ተብሎ ስለተሠራ ብዙ ሰው ቢሄድበት የሚጠፋ የጥንት ቅርስ የለም። ዌልስ ውስጥ ፍሬሽዋተር ዌስት በሚባለው የባሕር ዳርቻ ደግሞ የሃሪ ፖተር ወዳጆች ለዶቢ «መቃብር» ካልሲ እያመጡ ያስቀምጡ ነበር። ቦታውን የሚጠብቀው ናሽናል ትረስት በ2022 «መታሰቢያው ይቆይ፤ ካልሲውንና የተቀባውን ድንጋይ ግን ተዉት፣ እንስሳት ይጎዳሉ» ብሎ ለመነ። እውነተኛ ሕይወት የሌለው ገጸ ባሕርይ እውነተኛውን የባሕር ዳርቻ ሊያቆሽሽ ይችላል። ፊልም ወዳጅነት ክፉ አይደለም፤ ሸክም እንዳለው ግን ማወቅ ያስፈልጋል።

የእኛ ጉዞ

የዛሬ ሁለት ዓመት ልጄ ፊልሙን ብሎ፣ እኔ መነኮሳቱን ብዬ አብረን ሄድን። የምንኖረው ለንደን ስለሆነ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። እኛ ግን ባቡርና መርከብ መረጥን፤ ከዩስተን ጣቢያ ሆሊሄድ፣ ከሆሊሄድ በመርከብ ደብሊን፣ ከደብሊን በባቡር ኪላርኒ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ ጠረፉ። የባቡሩና የመርከቡ ትኬት በአንድነት የሚሸጥ ነው። በእንግሊዝ መንግሥት ስሌት ባቡር ለአንድ ተሳፋሪ በኪሎ ሜትር 35 ግራም ያህል ካርቦን ሲያወጣ፣ የአገር ውስጥ በረራ ከ200 ግራም በላይ ያወጣል። ልጄ መጀመሪያ «እማዬ፣ በዘመነ መሳፍንት ነው እንዴ የምንጓዘው?» ብሎ ቀልዶብኝ ነበር። ዌልስን በመስኮት እያየ ሲሄድ ዝም አለ።

ያረፍነው ፖርትማጊ በምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ በአንዲት ባልቴት ቤት ነው። ቦታ የያዝነው ከወራት በፊት ነበር። በቀጠሯችን ጠዋት ባለ ጀልባው ስልክ ደውሎ «ዛሬ ማዕበሉ አያስጠጋም» አለን። በማግስቱም እንደዚያው። ገንዘባችን ተመለሰልን፤ የልጄ ፊት ግን አልተመለሰም። ሌላ ነፃ ቦታ ደግሞ እስከ ወር መጨረሻ አልነበረም። ሰው «ትንሽ ብንጨምርስ?» ማለቱ አይቀርም፤ ባሕሩም ሆነ መቶ ሰማንያ የሚለው ቁጥር ግን ጉርሻ አይቀበሉም።

በአራተኛው ቀን ሳያወርድ ደሴቱን ብቻ ዞሮ በሚመለስ ጀልባ ወጣን። መጀመሪያ ትንሿ ስኬሊግ መጣች። ከሩቅ በረዶ የወረደባት ትመስላለች፤ ሲቀርቡ በረዶው ወፍ ነው፤ ጋኔት የሚባሉ ክንፈ ረጅም ነጭ ወፎች፣ ከሃያ ሺህ ጥንድ በላይ። ከዚያ ትልቁ አለት ከጭጋጉ ውስጥ ወጣ። ደረጃው እንደ ክር ተጋድሞ ይታያል። ከላይ፣ ሰው ይደርስበታል ብለው በማያስቡት ቦታ፣ የእርከኑ ካብ ቆሟል። ደረጃው ላይ ያለ ሰው ይህን ሊያየው አይችልም፤ የሚያየው እግሩን ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጀልባው ውስጥ የነበርን ሁላችን ዝም አልን። ከቆይታ በኋላ ልጄ ጠጋ ብሎ፣ «እማዬ፣ መነኮሳቱ በዚህ በእንጨት ጀልባ ነው የመጡት?» አለኝ። ስለ ጄዳይ አልጠየቀም። ከመንደሩ ወደ ኪላርኒ ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ስለ እንጦንስ፣ ስለ አትናቴዎስ፣ ስለ አባ ሰላማ፣ ስለ ደብረ ዳሞ አወራሁለት። ለንደን ተወልዶ ያደገ ልጅ «ታዲያ እኛም አለን ማለት ነው» ሲለኝ፣ ሃያ ምናምን ዓመት ልነግረው የፈለግሁትን በአንድ የአይርላንድ አውቶቡስ ጨረስኩት።

ለባቹ ልጆች

ከዚህ የምታተርፉት ካለ ይኼ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ የሚመጣ ሰው ባሕር በመርከብ ተሻገር አይባልም። የሎስ አንጀለሶቹ በ2015 አየር መንገዳችን በደብሊን በኩል ይመላለስ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ያንን አገር በአውሮፕላን መስኮት ብቻ ነው የምታውቁት። የጉዞው ትልቁ ጭስ ከረጅሙ በረራ ነው። ስለዚህ ሦስት አጭር ጉዞ ከማድረግ አንድ ረጅም ማድረግ ይሻላል፤ ከተሻገሩ በኋላ በባቡርና በአውቶቡስ መንቀሳቀስ፣ ሁለት ሌሊት ሳይሆን ስምንት ሌሊት ማደር፣ ገንዘቡንም ለመንደሩ ሰው መተው ነው። ውኃችሁን ያዙ፣ ቆሻሻችሁን መልሱ፣ ድንጋይ አታንሱ፣ ድንጋይ አትደርድሩ። ፊልሙን ከመሄዳችሁ በፊት እዩት፤ ታሪኩን ግን ከፊልሙም በፊት አንብቡት። ቀጠሯችሁን ባሕሩ ቢሰርዘው ደግሞ ከታች ሆናችሁ እዩ።

ይህ ምክር ለአይርላንድ ብቻ አይደለም። የእኛም አምባና ደሴት ገዳማት ደረጃና ገመድ፣ ወፍና ካብ፣ የሚኖርባቸው ሰውም አላቸው። ስኬሊግ ላይ መነኮሳት የሉም፣ ድንጋያቸው ብቻ ቀርቷል፤ የእኛዎቹ ግን ዛሬም ይጸልያሉ። አንድ ቀን አንድ ትልቅ ፊልም ከእነዚህ አንዱን መርጦ ዓለም «እዚያ ልሂድ» ሲል፣ ስንት ሰው በቀን፣ በየትኛው ወቅት፣ በማን ፈቃድ የሚለውን ጥያቄ ካሜራው ከመድረሱ በፊት የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል። ከእኛ ባች የቱሪዝም ባለሙያ አለ፣ የሕግ ሰው አለ፣ መሐንዲስ አለ፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ አለ። በዘንድሮው መሰባሰባችን ከእራት በኋላ አንድ ጠረጴዛ ይዘን ብንነጋገርበትስ? ቡናውን እኔ አፈላለሁ።